ከእሳቱ በኋላ የተከፈተው ትምህርት ቤት፦ የሱዛና ዌስሊ ጉዳይ

ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ክርስቲያን እናቶች በተሰባሰቡበት የሱዛና ዌስሊ ስም ሳይነሳ አይቀርም። ታሪኳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአንድ መልክ ነው። 19 ልጅ ወለደች። ሁሉንም ራሷ አስተማረች። መጸለይ ስትፈልግ ሽርጧን ራሷ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ ልጆቹም ጸጥ ይላሉ። ይህን የሰማች እናት ቤቷ ስትገባ ያልታጠበውን ሳህን፣ ያልታረመውን ደብተር፣ በአንድ እርሳስ የሚጣሉትን ልጆች ታያለች። "እሷ የት፣ እኔ የት!" ትላለች።

እኔም ብያለሁ፣ ደጋግሜ። ልቤ ያረፈው የራሷን ደብዳቤዎች ሳነብ ነው። የሽርጡን ታሪክ እዚያ አላገኘሁትም። ያገኘኋት ሴት ሌላ ናት። ባሏ በዕዳ የታሰረባት፣ ቤቷ የተቃጠለባት፣ በስንት ድካም ያነጸቻቸው ልጆች ዓይኗ እያየ ጠባያቸው የተበላሸባት፣ ከዚያ እንደገና ከሀ የጀመረች እናት ናት። የምጽፈው ስለዚህችኛዋ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤፕወርዝ

ሱዛና በ1669 ለንደን ተወለደች። አባቷ ሳሙኤል አንስሊ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የተለዩ የታወቁ ሰባኪ ነበሩ። እሷ የቤቱ ሃያ አምስተኛ ልጅ ናት ይባላል። ገና 13 ዓመት ሳይሞላት በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለውን ክርክር ራሷ መዘነችና የአባቷን ማኅበር ትታ ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ገባች። እምነቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የራሷ እንደነበረ ከዚህ ይታያል። ሰው ስላለ ብቻ አታምንም።

በ1688 ሳሙኤል ዌስሊን አገባች። ቄስ ነው፣ ግጥም ይጽፋል፣ የተማረ ሰው ነው። ገንዘብ ግን እጁ ላይ አይበረክትም። በ1690ዎቹ መጨረሻ ሊንከንሻየር ውስጥ፣ በረግረግ በተከበበችው በትንሿ ኤፕወርዝ ተመደበ። በ1705 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ሊንከን እስር ቤት ገባ። ሱዛና የምትልከው ገንዘብ አልነበራትም። ቀለበቶቿን አውልቃ ላከችለት። እሱም መለሰላት።

በዚያ ሰሞን የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ በእውነት ዳቦ ያጣችበት ጊዜ እንዳለ ጠየቋት። መልሷን ሳነበው ሁሌም ሆዴን ይበላኛል። ዳቦ አጥቼ አላውቅም አለች። ነገር ግን ሳልበላው በፊት ለማግኘት፣ ከበላሁት በኋላ ደግሞ ለመክፈል ያለው ጭንቀት ብዙ ጊዜ ጣዕሙን አጥፍቶብኛል።

ትዳሩም ቀላል አልነበረም። በ1702 ገደማ ሱዛና ለንጉሥ ዊልያም በሚጸለየው ጸሎት ላይ "አሜን" እንደማትል ባሏ አስተዋለ። ዊልያም እውነተኛው ንጉሥ ነው ብላ አታምንም ነበር። ሳሙኤል በዚህ ተቆጥቶ ፈረሱ ላይ ወጣና ለንደን ሄደ። ለወራት እሷና ልጆቹ ብቻቸውን ቆዩ። ከታረቁ በኋላ በ1703 የተወለደው ልጅ ጆን ነው፤ በኋላ የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ የሆነው ጆን ዌስሊ።

ከ19ኙ ልጆች ዘጠኙ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ያደጉት አሥር ናቸው፤ ሦስት ወንድና ሰባት ሴት። "19 ልጅ አስተማረች" ስንል ዘጠኝ መቃብር ዘለን ነው የምናልፈው። እባካችሁ አንዝለላቸው።

ለፊደል አንድ ቀን

ስለ አስተማሪነቷ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ጆን ስለጠየቃት ነው። በ1732 ኦክስፎርድ ሆኖ የማስተማር ዘዴዋን እንድትጽፍለት ለመናት። መጀመሪያ አልወደደችውም። በእኔ መንገድ መሄድ የሚችለው ቃል በቃል ዓለምን የተወ ሰው ብቻ ነው አለችው። የልጆቹን ነፍስ አድናለሁ ብሎ ከዕድሜው ምርጡን 20 ዓመት የሚሰጥ ሰው ቢኖርም ጥቂት ነው ብላ ጻፈችለት። በዚያው ዓመት በሐምሌ ግን ረጅሙን ደብዳቤ ላከች።

ልጅ አምስት ዓመት ሳይሞላው ፊደል አይነካም። አምስት ሲሞላው አንድ ሙሉ ቀን ለእሱ ብቻ ይሰጣል። ዋዜማውን ቤቱ ይሰናዳል፤ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ይከፋፈላል። በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ፣ ማንም ወደዚያ ክፍል ዝር አይልም። ልጁ በዚያች አንድ ቀን ፊደሉን ያውቃል። ከልጆቿ ሞሊና ናንሲ ብቻ አንድ ቀን ተኩል ፈጀባቸው።

በማግስቱ የፊደል መልመጃ መጽሐፍ የለም። ቀጥታ ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ፊደል በፊደል ያነባል። እየደጋገመ ሳይደናቀፍ እስኪለው ድረስ ወደ ሁለተኛው አያልፍም። የበኩር ልጇ ሳሙኤል በየካቲት ጀምሮ በጰራቅሊጦስ አንድ ምዕራፍ በደንብ ያነብ ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስ አንብቦ፣ ዳዊት የደገመ አያት ያለው ሰው ወዲያው ይገባዋል። ንባብ የሚለመደው በኋላም ለጸሎት በሚያገለግለው መጽሐፍ ነው።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ስለ መጨረሻዋ ልጅ፣ ስለ ኬዚ የጻፈችውን ነው። ኬዚን ከአምስት ዓመቷ በፊት እንድታስጀምራት ሰዎች ወተወቷት። እሷም እሺ አለች። ሌሎቹ በወራት የጨረሱትን ኬዚ በዓመታት ተማረችው። ሱዛና ይህን አልደበቀችም። ጎረቤት "የኔ ልጅ በሦስት ዓመቷ ታነባለች" ስትል ልቧ የሚሸበር እናት ይህን መስመር ማቀዝቀዣው ላይ ብትለጥፈው ደስ ይለኛል።

ትዕግሥቷንም ልጇ ጆን ይመሰክራል። አባቱ አንድ ቀን፣ ለዚያ ደንቆሮ ልጅ አንዱን ነገር ሃያ ጊዜ ለመንገር ትዕግሥቱን ከየት አመጣሽው ሲላት ሰምቷል። 19 ጊዜ ብቻ ነግሬው ቢሆን ድካሜ ሁሉ ከንቱ ይቀር ነበር አለች።

የካቲት 1709

ቤታቸው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ጣሪያው ሣር። በየካቲት 9 ቀን 1709 ሌሊት ተያያዘ። ትልቁ ልጅ ሳሙኤል ለንደን ትምህርት ቤት ነበር። ስምንት ልጆች ቤት ውስጥ ተኝተዋል። ሱዛና ኬዚን ልትወልድ ወር ገደማ ቀርቷታል። በበሩ ለመውጣት ሞከረች፤ ነበልባሉ መለሳት። በመጨረሻ ጸልያ በእሳቱ መሃል አለፈች። እጇና ፊቷ ተለበለበ።

ውጭ ሲቆጠሩ አንድ ጎደለ። የአምስት ዓመቱ ጆን ፎቅ ላይ ቀርቷል። አባቱ ደረጃውን ሊወጣ ሞከረ፤ ደረጃው ይነዳል። ተንበርክኮ የልጁን ነፍስ ለእግዚአብሔር አደራ ሰጠ። ልጁ ግን ሳጥን ላይ ወጥቶ በመስኮት ብቅ አለ። መሰላል ለማምጣት ጊዜ የለም። አንዱ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ አወጣው። ወዲያው ጣሪያው ወደ ውስጥ ተደረመሰ። አባትየው ጎረቤቶቹን ኑ እንንበርከክ አላቸው። ስምንቱንም ልጆቼን ሰጥቶኛል፣ ቤቱ ይሂድ፣ ሀብታም ነኝ አለ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ለእናትየው ግን ትልቁ ፈተና ገና መጀመሩ ነው።

ቤቱ እስኪሠራ ልጆቹ ለየዘመዱና ለየጎረቤቱ ተበተኑ። ሱዛና የሆነውን በግልጽ ጻፈችው። ከማንም ጋር እንዳሻቸው መዋል ጀመሩ። ሰንበትን ማክበር ተዉ። የማይረባ ዘፈን ለመዱ። ያየ ሁሉ የሚያደንቀው ትሕትናቸው በአብዛኛው ጠፋ። አነጋገራቸውም ተበላሸ።

አስቡት። 20 ዓመት የተገነባ ነገር ነው። ያንን ዝነኛ ሥርዓት አንድ ሌሊት በላው። እኔ በዚህች እናት ቦታ ብሆን "ሁሉም ከንቱ ነበር" የምል ይመስለኛል።

እሷ ሁለት ነገር አደረገች። አንደኛው ገና ተለያይተው ሳሉ ነው። በጥር 1710 ለልጇ ሱኪ ረጅም ደብዳቤ ጻፈች። መከራችን ስለለያየንና ፊት ለፊት መነጋገር ስላልቻልን የእናትነት ግዴታዬን በጽሑፍ እወጣለሁ አለቻት። ከዚያ የሐዋርያትን ጸሎተ ሃይማኖት ሐረግ በሐረግ አብራራችላት። መጽሐፎቿና ወረቀቶቿ ተቃጥለዋል፤ አራስ ልጅ እቅፏ ውስጥ ናት። በወረቀት ላይ ግን ትምህርት ቤቷን አልዘጋችም።

ሁለተኛው አዲሱ ቤት አልቆ ልጆቹ ሲሰበሰቡ ነው። ሥርዓቱን እንደገና ጀመረች፤ እንደ ድሮው ግን አልተወችውም። ትምህርት ሲጀመርና ሲያልቅ፣ ጠዋትና ማታ፣ መዝሙረ ዳዊት መዘመር የተለመደው ያኔ ነው። አመሻሽ ላይ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ ሁሉም ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ገለል ይላሉ። ትልቁ ልጅ ከሚናገሩት ሁሉ ትንሹን ይይዛል፤ ሁለተኛው ቀጣዩን። የዕለቱን መዝሙርና ከአዲስ ኪዳን አንድ ምዕራፍ ያነቡላቸዋል። ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ ደግሞ መዝሙርና የብሉይ ኪዳን ምዕራፍ ያነባሉ፤ ከዚያ የየራሳቸው ጸሎት አለ።

ልዩነቱን ልብ በሉ። በፊት አስተማሪዋ አንድ ነበረች። አሁን ታላቅ ለታናሽ ያነባል። ይህን ያደረገችው ለምን እንደሆነ አልጻፈችም። እኔ ግን ከእሳቱ የተማረችው ይመስለኛል። በእሷ ላይ ብቻ የቆመው ቤት ሲበተን ምን እንደሚሆን አይታለች።

ሐሙስ ማታ

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከአንድ መጽሐፍ ነው። በ1711 መጨረሻና በ1712 መጀመሪያ ሳሙኤል ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ለንደን ከርሞ ነበር። ልጇ ኤሚሊያ ከአባቷ የማጥኛ ክፍል አንድ ጽሑፍ አገኘች። የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ሕንድ፣ ወደ ትራንኬባር ስለላካቸው ሁለት ሚስዮናውያን ይናገራል። ሱዛና አንብባው ለቀናት ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም። እኔ ወንድ አይደለሁም፣ የወንጌል አገልጋይም አይደለሁም፤ ግን አሁን ከማደርገው የበለጠ ማድረግ እችላለሁ አለች። ከየት ልጀምር ብላ ስታስብ መልሱ ቅርብ ነበር፤ ከልጆቼ።

ሕንድ ያሉ ሰዎችን ታሪክ አንብባ ዕቅዷን ለገዛ ልጆቿ አወጣች። በየምሽቱ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻ ትቀመጣለች። ሰኞ ሞሊ። ማክሰኞ ሄቲ። ረቡዕ ናንሲ። ሐሙስ ጆን። ዓርብ ፓቲ። ቅዳሜ ቻርልስ። እሑድ ኤሚሊያና ሱኪ አንድ ላይ። ይህ ከፊደሉና ከንባቡ ሌላ ነው፤ ወሬ ነው፣ ጨዋታ ነው። ልጁ ምን እንደሚያሳስበው የሚናገርበት ሰዓት ነው።

ጆን አድጎ፣ የኦክስፎርድ መምህር ሆኖ ሳለ ለእናቱ ሲጽፍ የለመናት ያንን የሐሙስ ማታ ሰዓት ነው። ያኔ ትሰጠው የነበረችውን ያችን ትንሽ ጊዜ አሁንም በሌላ መልክ እንድትሰጠው ጠየቃት። ስለ ሰዓት ክፍፍሉም ሆነ ስለ ዘፍጥረቱ አልናፈቀም። የናፈቀው ሐሙስን ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን እይዛለሁ። የእኔም ሳምንት አሁን የተሰፋው በዚህ ዙሪያ ነው፤ ሒሳቡ ሲቀር ይቅር፣ የልጁ ምሽት ግን አይቀርም።

በእነዚያው ወራት እሑድ ማታ ለቤተሰቧና ለሠራተኞቿ ጸሎትና ስብከት ታነብ ነበር። አንድ ልጅ ለወላጆቹ ነገረ፤ እነሱም መጡ። ሠላሳ፣ አርባ ሆኑ። ከዚያ ከ200 በላይ ሆኑና ቦታ አጥቶ የሚመለስ በዛ። ምክትል ቄሱ ለሳሙኤል ክስ ጻፈ። ሳሙኤልም ሴት ሆነሽ ይህ አይሆንም፣ ሌላ ሰው ያንብብ አላት። እሷ ደግሞ ከመጡት ወንዶች መካከል ሳይንተባተብ ስብከት የሚያነብ እንደሌለ ነገረችው። ከዚያ በየካቲት 1712 ለባሏ የጻፈችው ደብዳቤ መጣ። በዘመኑ ወግ በአክብሮት ነው የምትጽፍለት። ይህን ጉባኤ መበተን ከፈለጉ "እፈልጋለሁ" ብቻ አይበሉኝ፤ ያ ኅሊናዬን አያሳርፈውም አለች። ይልቅስ በጌታ የፍርድ ወንበር ፊት ስንቆም ከኃላፊነት ነጻ የሚያወጣኝ ግልጽ ትእዛዝ ይላኩልኝ።

የማያስማማኝ ነገር

ሱዛናን እወዳታለሁ፤ ሁሉንም ግን አልቀበልም። ልጅ ዓመት ሲሞላው በትር ፈርቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማልቀስ እንዲለምድ ታደርግ ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ የልጁ ፈቃድ መሸነፍ አለበት ብላ ታምናለች። ይህን ክፍል ያለ ጭንቀት አንብቤው አላውቅም። በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር፤ ቢሆንም የዓመት ሕፃን የሚያለቅሰው የሚነግረን ነገር ስላለው ነው። የእሷን ትምህርት ቤት እንዳለ ገልብጠው በትሩን ጭምር የሚወስዱ ሰዎችን ሳይ አዝናለሁ።

ይህንኑ የጻፈችው እጅ ግን የሚከተሉትንም ጽፏል። ጥፋቱን ተናዝዞ እታረማለሁ ያለ ልጅ አይመታም፤ ልጅ የሚዋሸው ቅጣት ስለሚፈራ ነው። በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መቆጣት የለም። ደስ ሊያሰኝ አስቦ የሠራው ነገር ባያምርም በፍቅር ይቀበሉታል። የመርፌ ቁልፍ እንኳ ብትሆን የሌላ ንብረት አይነካም። የመጨረሻው ደግሞ፦ ሴት ልጅ በደንብ ሳታነብ የእጅ ሥራ አትማርም። ልጆቹን ሳያነቡ ስፌት ላይ ማስቀመጥ ነው ሴቶች ንባብ እንዳያውቁ ያደረገው ብላለች። ይህ የ1700ዎቹ እንግሊዝ ነው።

እዚህ ላይ ግን ልብ የሚሰብረው ነገር ይመጣል። ጆን አሥር ዓመት ሲሆነው ለንደን ትምህርት ቤት ገባ፣ ቻርልስም ተከተለ። ሁለቱም ኦክስፎርድ ደረሱ። ሴቶቹ እዚያው ቀሩ። ሄቲ በስምንት ዓመቷ ግሪክ ታነብ ነበር ይባላል፤ ግጥም ትጽፍ ነበር። በ1725 ከአንድ ሰው ጋር ጠፋች፤ ሰውየው ከዳት። አርግዛ ስትመለስ ለአንድ የቧንቧ ሠራተኛ ተዳረች። ትዳሩ መከራ ነበር። አባቷ ልቡን ዘጋባት። ጆን በ1726 ስለ ፍቅርና ስለ ፍርድ ሰብኮ ሊከራከርላት ሞከረ፤ አባቱ ተቀየመው። የሱኪም ትዳር አላማረም፤ የፓቲም። እናትየው ለሴቶች ልጆቿ አእምሮ በር ከፈተች፤ ከበሩ ውጭ ግን መንገድ አልነበረም። የዚህን ጥፋት በሱዛና ላይ ብቻ መጫን ልክ አይደለም። "በቤት የተማሩ ልጆች ሁሉ ያምርላቸዋል" ለሚሉ ግን ሄቲን አስታውሳቸዋለሁ።

1739

ሳሙኤል በ1735 ሞተ። በዚያው ዓመት ጆንና ቻርልስ ለወንጌል ሥራ አሜሪካ ወዳለችው ጆርጂያ ሊሻገሩ ሲሉ ጆን እናቱን አማከራት። 20 ወንድ ልጆች ቢኖሩኝና ሁሉም በዚህ ሥራ ቢሰማሩ ዳግም ባላያቸው እንኳ ደስ ይለኛል አለች።

ብዙ ሰው የማያነሳው ግን በ1739 የሆነው ነው። ዕድሜዋ 70 ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን ለልጆቿ ሐረግ በሐረግ ያስተማረች፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የልቧን እየመረመረች ማስታወሻ የጻፈች ሴት ናት። በዚያ ዓመት ለጆን እንደነገረችው ኃጢአቴ አሁን ተሰረየልኝ ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል የሚል ነገር ከዚያ በፊት እምብዛም አልሰማችም ነበር። አንድ ቀን የፓቲ ባል ቅዱስ ቁርባን ያቀብል ነበር። ጽዋውን ሲሰጣት "ስለ አንቺ የተሰጠ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ደም" አላት። ቃሉ ልቧን ሰንጥቆ ገባ። እግዚአብሔር ስለ ክርስቶስ ብሎ የእኔን ኃጢአት ሁሉ ይቅር እንዳለ አወቅሁ አለች።

ከዚያ በኋላ ለንደን ውስጥ፣ ጆን ድሮ መድፍ ይቀለጥበት የነበረውን ቤት ገዝቶ ጸሎት ቤት ባደረገበት ቦታ ኖረች። በ1742 በሐምሌ ወር ታመመች። ጆንና አምስት ሴቶች ልጆቿ አልጋዋ ዙሪያ ነበሩ። አንደበቷ ሳይያዝ ጥቂት ቀደም ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፦ ልጆቼ፣ ከዚህ ሥጋ እንደተፈታሁ የምስጋና መዝሙር ዘምሩ።

ስትሞት አልጋዋን ከበው ቆሙና ዘመሩ።